ፀጉር ቆራጩ የከረከማት በለስ

ፀጉር ቆራጭና ዝምታ ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። የዚህ ሰውዬማ ይብሳል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮበት፣ ጆሮው ሥር መቀስ እየተንጫጫበት ወዴት ይሸሻል? የአየሩን መክፋት፣ የጉልበቱን ቁርጥማት፣ የጎረቤቱን ሠርግ፣ ሁሉንም ሰምቶ ነው የሚነሳው። ታዲያ ይህ ሰው፣ ይህ ወፍጮ አፍ፣ አንድ ዓመት መናገር በሚገባው ሰዓት፣ ያውም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ አፉ ተለጎመ። ጉዱ ሁሉ የፈላው በዚያች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ ፂሙ ሸብቶ እንኳ «እትዬ» ብሎ ሲጠራት ድምፁ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ቤቱ የእሷ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ጠበብ ያለች ጓሮ። ጓሮዋ ጥግ ላይ፣ የግንቡ አጥር ፀሐይ በሚሰበስብበት ቦታ፣ የእህቱ በለስ ቆማለች።

በለስ የሙቀት አገር ዛፍ ናት። ውርጭ በሚጋገርበት፣ በጋው መጣሁ ሳይል «ደህና ሰንብቱ» ብሎ በሚሄድበት ቦታ እሷን ማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። እህቱ ያላትን ትዕግሥት በሙሉ ለዛፏ ሰጥታት ነበርና ለሰው የተረፈ አልነበራትም። ብርዱ ሲገባ ቅርንጫፎቿን ሰብስባ በገመድ ታስራለች፤ መካከሉን ገለባ ትሞላለች፤ ከላይ ጆንያና አሮጌ ብርድ ልብስ ትጠቀልልባታለች። ይህን ሥራ ብቻዋን ሠርታው አታውቅም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ፤ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት። ትልቁም ትንሹም «እማማ አዋላጅ» ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን ራሳቸውም የረሱት ይመስለኛል። በለሷንም ሲጠቀልሉ እንደ ሥራቸው ነው፤ «እግሯን ሸፍኚ፣ ደረቷ ላይ አታጥብቂ» እያሉ። ሁለቱ ሴቶች በዚያ አጥር ላይ ተንጠራርተው ያወሩት ወሬ ቢሰፈር ጎተራ ይሞላል። ጠዋት አንዷ ካልታየች ሌላዋ የምትበላው አይዋጥላትም ነበር።

በዚያ ዓመት ብርዱ ሊወጣ ሲል እህቱን መታጠቢያ ቤት አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ መራመድ እስክትለምድ ድረስም ሐኪም ቤት ከረመች። ዛፏን የመግለጡ ጣጣ በአዋላጇ ላይ ወደቀ። ፀሐይዋ ሞቅ ሞቅ ባለች ሰሞን ወጡና አየሩን አሽተው «በቃ፣ ብርዱ ተሸኝቷል» አሉ። ጆንያውን ፈቱ፣ ገለባውን አራገፉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ፀጉር ቆራጩ በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ዛፏን አያት። ከጥቅልሏ የወጣች በለስ ገና ከአልጋው የወረደ ሰው ትመስላለች፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወዲያ ይላል፣ አንዱ ወዲህ። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተንጨባረረ ራስ ሲያስተካክል የሚውል ሰው ነው፤ ከፍና ዝቅ ያለ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። እህቴ ስትመለስ ዛፏ አምሮባት ብታያት ደስ ይላታል ብሎም አሰበ። ይህን አልክድበትም፣ ሐሳቡ ቅን ነበር። የአትክልት መቀሱን አወጣና ተያያዘው። ዙሪያዋን እየዞረ፣ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያየ፣ ተመልሶ እየነካካ፣ የቅርንጫፎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ከርክሞ እኩል አደረጋቸው። ጫፎቹ ላይ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ እባጮች ነበሩ። ኪንታሮት ነገር መሰሉት። «ይኼም ይነሳላት» አለ፣ እንደ ደንበኛ። ሲጨርስ የቀረው መስታወት ይዞ ከኋላ በኩል ማሳየት ብቻ ነበር። የተቆረጠውን ጠራረገና ከቆሻሻው ጋር ጣለው። ምን ያድርግ? ዕድሜውን ሙሉ የቆረጠው ነገር ሁሉ መልሶ ሲያድግ ነው ያየው።

ከዚያ በኋላ ነው ውርጩ የመጣው። ተሸኝቷል የተባለው ብርድ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ተመልሶ፣ የየጓሮውን ጎመን አጥቁሮት ሄደ።

እህቱ በባለ አራት እግሩ ምርኩዝ እየተደገፈች ቤቷ ስትገባ ዛፏ ቅጠል ለብሳ ነበር። ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም፤ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምታየው አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንድሟን ላከችው።

«ሂድ እስቲ እይልኝ። ፍሬዎቹ አውራ ጣት አክለዋል?»

ሄደ፣ ቅጠሉን ገላልጦ አየ፣ ተመለሰ።

«ምንም የለም እትዬ።»

«እንዴት ምንም የለም? ዓይንህን ሱቅ ረስተኸው መጣህ እንዴ? ጫፉ ላይ እይ! አምና የበቀለው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ!»

«ጫፉ ላይ ምን አለ?»

«ፍሬው ነዋ!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችው። «በዚህ ብርድ የሚበስለው እኮ እሱ ብቻ ነው። ዘንድሮ በሚበቅለው ለጋ ላይ የሚያፈራው ሳይበስል ብርዱ ይደርስበታል። ቁም ነገሩ አምና የተጸነሰችው ናት። ሽምብራ ታህላለች፤ ብርዱን ሙሉ ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ትተኛለች፤ ፀሐይ ሲመጣ ታድጋለች። እኔ በየዓመቱ ጆንያ ስጠቀልል የምከርመው ለግንዱ መሰለህ? ለእነዚያ ጫፎች እኮ ነው!»

ሽምብራ የሚለውን ሲሰማ ያ የአትክልት መቀሱ ትዝ አለው። እነዚያን ኪንታሮቶች አያቸው፤ መጥረጊያውን አየው፤ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን ሲዘጋ አየ። አፉን ከፈተ።

«እሷ ናት!» ብላ ቀደመችው እህቱ። «ቸኩላ ገለጠቻት! ከኋላዋ የሚያሯሩጣት ነበረ? ውርጩ ጫፏን በላው። ወይ አዋላጅ! ቀኑ ያልደረሰን ነገር መጎተት ምን እንደሚያመጣ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።» በቃ፣ ይቺው ናት። ምራቅ ለመዋጥ የምትፈጀውን ጊዜ አትፈጅም። እሱ ግን ምራቁን ዋጠና «ውርጩማ ክፉ ነበር» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ውርጩ በእርግጥ ክፉ ነበር። እንዲህ ያለችው እውነት ናት ከውሸት የምትብሰው።

አዋላጇ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የምስር ሾርባ በድስት ይዘው «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሊሉ መጡ። እህቱ ሾርባውን ሳታይ ነገሩን አፈረጠችው። ብርድ ልብሱን ቸኩለሽ አነሳሽ፣ ዛፌን አስመታሽ፣ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳስብ የከረምኩት አንቺ አለሽ ብዬ ነበር አለቻቸው። ወንድምየው በሩን ይዞ እንደ ቆመ ቀረ። አዋላጇ ይከራከራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ጠቡ ሲሞቅ እኔም እናገራለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተከራከሩም። አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነሽ፣ ቸኩያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና ድስቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሲወጡ በአጠገቡ አለፉ፤ ክንዱን መታ መታ አደረጉት። ያቺ መታ መታ ከጥፊ በልጣ አመመችው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አጥሩ ላይ ወሬ ጠፋ። እህቱ ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች አዋላጇን ታማለች፤ ማማት ሲሰለቻት ትረግማለች፤ መራገም ሲደክማት ዝም ብላ አጥሩን ታያለች። ዝም ስትል ነው አንጀት የምትበላው። «እቺ ሴትዮ ዛሬ ሳል ይዟታል፣ ሰማህ?» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ምን ቸገረኝ!» ብላ ፊቷን ትመልሳለች።

እሱ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ዳሌዋን አሟታል፤ ተነገ ወዲያ ደግሞ ደስ ብሏታል፣ ደስታዋን ለምን ላበላሽ ይላል። አይጣል ነው፣ ለፈሪ ምክንያት ሞልቶለታል። የፈራው ቁጣዋን እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣዋንማ ከአንቀልባ ጀምሮ ያውቀዋል። የፈራው ፊቷን አዙራ ዝም እንዳትለው ነው። ነገሩ ደግሞ በቆየ ቁጥር ወለድ ወለደ። መጀመሪያ ጥፋቱ ቅርንጫፍ መቁረጥ ብቻ ነበር። አሁን ግን አንዲት አሮጊት በእሱ ጥፋት አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ማየቱ አለ፤ ማግስቱን ዝም ማለቱ አለ፤ የዚያን ማግስት ዝም ማለቱ አለ። ሱቁ ውስጥ እንኳ ወሬው ቀነሰ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛው በሆነ ጨዋታ መሀል «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብሎ ቢስቅ፣ የኔስ ባመለጠ ኖሮ ብሎ በሆዱ አለቀሰ።

የባሰው ገና ነበር። አዋላጇ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጥፋቴን እክሳለሁ ብለው በገዛ ግቢያቸው በኩል መሰላል አቁመው፣ ከአጥሩ በላይ ተንጠልጥለው፣ ዘንድሮ ያፈራውን፣ ያን አይበስልም የተባለውን ፍሬ ሊያበስሉት ተነሱ። ጉልበቱ ለፍሬው እንዲተርፍ የለጋውን ቅርንጫፍ አናት በጥፍራቸው ይቀነጥባሉ። ፀሐይ እንዲያንጸባርቅላት ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ቀብተው አጥሩ ላይ ደገፉ። ጥጥ ዘይት እያስነኩ በእያንዳንዷ ፍሬ ግርጌ ያለችውን ዓይን ይቀቧታል፤ ዘይት የተቀባች ፍሬ ቶሎ ትበስላለች ይባላል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል። እህቱ በመስኮቱ አጮልቃ እያየች «ደግሞ ምን ቀራት? ግንዱን ልትጨርስ ነው?» ትላለች፤ ተይ ግን አላለቻቸውም። እሱ ይህን እያየ ነው እንግዲህ ቁርሱን የሚበላው። ዳቦውን በሻይ ይገፋዋል።

አንድ እሑድ መሰላሉ ክፉኛ ሲወዛወዝ አየና መቋቋም አቃተው። በመንገዱ ዞሮ ግቢያቸው ገባ፣ የመሰላሉን እግር ጨምድዶ ያዘ።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት ከላይ። «ልክ ጊዜህን ጠብቀህ መጣህ። ብርዱ ሳይገባ ልጄ ቤት ልሄድ ነው፣ ጠቅልዬ። ነይ ነይ ብላ አስጨነቀችኝ፤ እኔም ብቻዬን አልቻልኩም። ሳልታረቃት መሄዱ ነው የከበደኝ። አንዲት ፍሬ እንኳ አብስዬ ብሰጣት ፊቷን ትፈታልኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

መሰላሉን እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸው።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ መሆንህንማ አየሁ። አጥብቀህ ያዝ።»

«እንደሱ አይደለም። የበለሷን ጫፍ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ቁራጩን አይቼዋለሁ። ውርጭ የገደለውን አነሳህላት፤ ደግ አደረግህ።»

«ከውርጩ በፊት ነው የቆረጥኩት! ፍሬዎቹ ደህና ነበሩ! እርስዎ ምንም አላጠፉም!»

ጥጡን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቁልቁል አዩት፤ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። በቃ ተገላገልኩ፣ አሁን ይርገሙኝ አለ በልቡ።

«ተባረክ» አሉት። «አንተ ልጅ ተባረክ! ልታስታርቀን ብለህ በገዛ ራስህ ላይ ታላክካለህ? እንዲህ ያለም ሰው አለ ለካ!»

«ኧረ እማማ፣ እውነቴን ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ እውነትህን ነው» አሉ፣ የሚነፋረቅ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ።

በመንገዱ ዞሮ ቤቱ እስኪደርስ አዋላጇ ከመሰላሉ ላይ ሆነው ነገሩን በመስኮቱ አሰምተው ጨርሰዋል። ሲገባ እህቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አገኛት።

«አንተ! እኛን ለማስታረቅ ብለህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አልካት?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል! አሳፈርከኝ። ታናሼ የሚያስበውን እኔ ታላቂቱ ሳላስበው? ጠቅልላ ልትሄድ ነውም አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ። ሂድ፣ ጥራት!»

ሄደ። ምን አለፋችሁ፣ ደስም አለው። መታረቃቸው ከሆነ የተፈለገው ይኸው ታረቁ፤ በምን ታረቁ የሚለው ማንን ይጎዳል ብሎ ራሱን ሲሸነግል አዋላጇን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሻይ ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። እህቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሱ ሰጠችው፤ «ለአስታራቂው ይቅደም» ብላ። ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞረች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ሰው ነሽ፣ ተሳሳትሽ። እኔም አበዛሁት።»

አዋላጇ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ይቅር ባትዪኝ ኖሮ እስከ መቃብሬ ይዤው ነበር የምወርደው። ሌሊት ሌሊት እኮ ይታየኛል፤ ያን ጆንያ ስፈታው፣ ስፈታው ነው የማድረው። ይቅር ስላልሽኝ ተባረኪ።»

ብርጭቆው እጁ ላይ ከበደው። እሱ ላጠፋው እሳቸው ይቅርታ ተቀበሉ፤ ያውም እያመሰገኑ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሻዩን ሊጠጣ ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ይቅርታው የእርስዎ አይደለም» አለ።

ሁለቱም ሳቁ። «ይኸው ጀመረ ደግሞ!» አለች እህቱ።

«እትዬ አትሳቂ። ስቆርጣቸው እያንዳንዳቸው ነጭ ወተት ያንጠባጥቡ ነበር። ክንዴ ላይ ፈሶ እንደ ሳማ ለበለበኝ፤ እዚህ ድረስ ተላጥኩ። ውርጭ የገደለው እንጨት ወተት አለው?»

ሳቁ ቆመ። የሞተ እንጨት ወተት እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ።

«ጫፋቸው ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ ነበሩ። ኪንታሮት መሰሉኝ። ላሳምርልሽ ብዬ ሁሉንም ከርክሜ ጣልኳቸው። ውርጩ ሲመጣ የሚበላው ጫፍ አላገኘም።»

እህቱ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እኔ በየጠዋቱ እሷን ስረግም» አለች፣ «አንተ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠህ ዳቦህን ትበላ ነበር።»

«አዎ።»

«በሩን ይዘህ ቆመህ ስትወጣ አየሃት።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ዝም አለች። ያ የፈራው ዝምታ ይኸው መጣ፤ እንደፈራውም ነበር።

አዋላጇ ግን የእህቱን ዝምታ ያዩ አይመስሉም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ያያሉ።

«ታዲያ እኔ አይደለሁም?» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም።»

«መቸኮሌ አይደለም?»

«አይደለም እማማ። ውርጩ ሳይደርስ እኔ ጨርሻቸው ነበር።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመላቸው። ዕንባቸው በጉንጫቸው መስመር እየወረደ፣ ሳይጠርጉት፣ እንደገና ጠየቁት፤ እሱም ቃሉን ሳያሳጥር እንደገና መለሰላቸው። በጠየቁት ቁጥር የእሱ ድምፅ እያነሰ፣ እየተሰበረ ሄደ።

እህቱ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ «ጮክ ብለህ ንገራት» አለችው። «ጆሮዋ ደክሟል።»